አለቃው አዲስ አበባ፣ ሠራተኛዋ ደሴ፦ በርቀት ሥራ ተጠያቂነትና ግብረ መልስ እንዴት ይያያዛሉ?

ደሴ ተቀምጦ አዲስ አበባ ላለ መሥሪያ ቤት፣ አልፎ አልፎም ውጭ አገር ላለ ድርጅት መሥራት ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ሒሳብ የሚይዙ፣ ሶፍትዌር የሚሠሩ፣ ሰነድ የሚተረጉሙ፣ የደንበኛ ጥሪ የሚቀበሉ ወጣቶች ከሆጤም ከሮቢትም ሳይወጡ የወር ደመወዝ ያገኛሉ። ኮምቦልቻ ላይ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። የሽመና ማሽን ወደ ቤት አይወሰድምና የማምረቻው ክፍል ሠራተኛ ምርጫ የለውም፤ የግዥ፣ የሽያጭና የሒሳብ ክፍል ሠራተኛው ግን፣ በተለይ ኑሮው ደሴ ከሆነ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ከምመላለስ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ቤቴ ሆኜ ብሠራ ምን ይጎድላል ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ከኃላፊዎች በኩል የሚመጣው መልስ ብዙ ጊዜ ራሱ ጥያቄ ነው፦ «መሥራቱን በምን አውቃለሁ?» ሠራተኛውም፣ ጮክ ብሎ ባይናገረውም፣ የሚያሳስበው ነገር አለ፤ ሥራው ጥሩ ይሁን መጥፎ ማን ይነግረዋል? ሁለቱ ጥያቄዎች በአብዛኛው ለየብቻ ይታያሉ፤ የመጀመሪያው የቁጥጥር፣ ሁለተኛው የሥልጠና ጉዳይ ተደርጎ ይወሰዳል። በእኔ ግምት ግን የመጀመሪያው ጥያቄ የሚመለሰው በሁለተኛው በኩል ብቻ ነው። ሠራተኛው ከዓይን ሲርቅ መጀመሪያ የሚቋረጠው ኃላፊው ቢሮ ውስጥ ሳያስበው ይሰጠው የነበረው እርማትና አስተያየት ነው፤ ተጠያቂነቱ የሚላላው ከዚያ በኋላ ነው፤ ምን እንደሚጠበቅበትና የት እንደተሳሳተ ያልተነገረውን ሰው በአግባቡ መጠየቅ አይቻልምና።

ይህን ለመረዳት ቢሮ ውስጥ የነበረውን አሠራር ለይቶ ማየት ይጠቅማል። በብዙ መሥሪያ ቤቶቻችን ተጠያቂነት የሚባለው ነገር ለረጅም ጊዜ የቆመው በሰዓት ፊርማ ላይ ነው፤ መዝገቡ በጣት አሻራ ማሽን ቢተካም ሐሳቡ ያው ነው። ፊርማው የሚያረጋግጠው ሰውየው መግባቱን ብቻ ነው፤ ፈርሞ ሻይ ቤት የሚውለውን፣ ኮቱን ወንበር ላይ ሰቅሎ የሚሰወረውን ሠራተኛ የማያውቅ የለም። ሥራውን በእርግጥ ሲያስኬድ የነበረው ሌላ ነገር ነው። ኃላፊው በኮሪደር ሲያልፍ «ያቺ ደብዳቤ ወጣች?» ይላል፤ ከጎን የተቀመጠው ባልደረባ ስክሪኑን አየት አድርጎ «ይሄ እኮ ባለፈው ወር ተቀይሯል» ይላል፤ ጀማሪዋ ሠራተኛ የኃላፊዋን ፊት አይታ ሪፖርቱ እንዳልተወደደላት ትረዳለች። ይህ ሁሉ በየስድስት ወሩ በሚሞላው የምዘና ቅጽ ላይ አይሰፍርም፤ ግብረ መልስ ብሎ የሚጠራውም የለም። ስለዚህም ሲጠፋ መጥፋቱን ልብ የሚለው ሰው የለም።

ርቀት ይህን ዓይነቱን ንግግር ምን ያህል እንደሚቀንስ ኢንተርኔት ሳይስፋፋ በፊት የተጠና ጉዳይ ነው። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ያስተምር የነበረው ቶማስ አለን እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ሥራ፣ መሐንዲሶች እርስ በርስ የሚነጋገሩበትን መጠን ከጠረጴዛዎቻቸው ርቀት ጋር አነጻጽሮ፣ ርቀቱ ጥቂት ሲጨምር ንግግሩ በፍጥነት እንደሚቀንስና ከ50 ሜትር ገደማ በኋላ በጣም አነስተኛ እንደሚሆን አሳይቷል። ሃምሳ ሜትር ደሴ ፒያሳ ላይ መንገድ ተሻግሮ ጥቂት ሱቆችን ማለፍ ማለት ነው፤ ደሴና አዲስ አበባን የሚለየው መንገድ ግን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስልክና ቴሌግራም ይህን ርቀት እንደሚያጠፉት ይታሰባል፤ ለታሰበበትና ለተቀጠረለት ንግግር እውነት ነው፤ ሳይታሰብ በመተላለፊያ ላይ ለሚነገረው ግን አይደለም።

ወደ ዘመናችን የቀረበ ማስረጃም አለ። ናታሊያ ኢማኑኤል፣ ኤማ ሃሪንግተንና አማንዳ ፓላይስ የተባሉ ተመራማሪዎች በአንድ ትልቅ የአሜሪካ ኩባንያ የሶፍትዌር መሐንዲሶች አንዱ በሌላው ሥራ ላይ የሚጽፉትን አስተያየት ቆጥረዋል። ቡድናቸው በሙሉ አንድ ሕንጻ ውስጥ የተቀመጠላቸው መሐንዲሶች ቡድናቸው በሁለት ሕንጻ ከተከፈለባቸው ይልቅ አንድ አምስተኛ ገደማ የሚበልጥ አስተያየት ያገኙ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ ምክንያት ቢሮዎቹ ተዘግተው ሁሉም ወደ ቤት ሲገባ ይህ ብልጫ በአብዛኛው ጠፋ። ይበልጥ የተጎዱት ጀማሪዎቹ ናቸው። የጥናቱ ሌላ ገጽታ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፦ ነባሮቹ መሐንዲሶች በቅርብ ሳሉ ጀማሪዎችን ሲያርሙ የራሳቸው ሥራ ይቀንስ ነበር። ቤት ሲገቡ የእነርሱ ውጤት ከፍ ይላል፤ የወሩ ሪፖርትም ያማረ ይሆናል፤ ኪሳራው የሚታየው ከዓመት ሁለት ዓመት በኋላ፣ ጀማሪው እንደጀመረ ሲቀር ነው።

እዚህ ላይ «እንግዲያው ከቤት የሚሠራ ሰው ይሰንፋል ማለት ነው» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። አይደለም። ሲትሪፕ የተባለ የቻይና የጉዞ ድርጅት ሻንጋይ ባለው የጥሪ ማዕከሉ እ.ኤ.አ. ከ2010 መጨረሻ ጀምሮ ለ9 ወራት ያካሄደውን ሙከራ የስታንፎርዱ ኒኮላስ ብሉምና ባልደረቦቹ ተንትነውታል። ፈቃደኛ ከሆኑ 249 ሠራተኞች መካከል የልደት ቀናቸው ሙሉ ቁጥር የሆነው በሳምንት 4 ቀን ከቤታቸው እንዲሠሩ፣ ጎዶሎ የሆነው ቢሮ እንዲቀሩ ተደረገ። ከቤት የሠሩት ውጤታቸው በ13 በመቶ አደገ፤ ሥራ የመልቀቅ መጠናቸውም በግማሽ ቀነሰ። ዕድገቱ በአብዛኛው የመጣው እረፍትና የሕመም ፈቃድ ቀንሰው ረዘም ላለ ደቂቃ በመሥራታቸው ነው። ይሁን እንጂ በተመሳሳይ ውጤት ሲነጻጸሩ ከቤት የሠሩት የደረጃ ዕድገት የማግኘት ዕድላቸው ቀንሶ ተገኘ፤ ሙከራው አልቆ ምርጫ ሲሰጣቸውም ከግማሽ በላይ የሆኑት ተሳታፊዎች ሐሳባቸውን ቀይረው ቢሮ መሥራትን መረጡ። የጥሪ ማዕከል ሥራ ስንት ጥሪ እንደተመለሰ ማሽን የሚቆጥርበት በመሆኑ ተጠያቂነቱ ችግር አልገጠመውም። ማሽኑ ያልቆጠረው፣ ማን ለኃላፊነት ይበቃል የሚለው የኃላፊዎች ፍርድ ግን ከርቀት ጋር አብሮ ተዛባ።

ከዚህ ተነስተን ወደ ራሳችን ስንመጣ ጉዳዩን የሚያከብደው ተጨማሪ ነገር አለ፤ እርሱም ይሉኝታ ነው። በእኛ አገር ኃላፊ ሠራተኛውን ፊት ለፊት መተቸት ይከብደዋል፤ ሲተችም በሰላምታ፣ በቤተሰብ ደኅንነት፣ በቡና አለዝቦ ነው። በተለይ ወሎ ላይ ሰላምታው ራሱ ጊዜ የሚፈልግ ነገር ነው። ሰው አጠገቡ ሲኖር ግን ስሕተቱ በየቀኑ ስለሚታየው ቢያንስ በጨረፍታ መናገሩ አይቀርም። ከ400 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ለዝምታ ሁልጊዜ ምክንያት አለ፦ ኔትወርክ የለም፣ አሁን ደውዬ ባስከፋት፣ ሌላ ጊዜ እነግራታለሁ። ዝምታው እስከ ምዘናው ቀን ይጠራቀምና ሠራተኛዋ ሰምታው የማታውቀውን የስድስት ወር ጥፋት በአንድ ቅጽ ላይ በቁጥር ተቀይሮ ታገኘዋለች። ይህ ተጠያቂነት አይባልም። በርቀት ሥራ ላይ የሚነሳው ቅሬታ ብዙው ምንጩ ይኸው ይመስለኛል።

ይሉኝታው ሲያልቅ የሚመጣው ደግሞ ሌላኛው ጫፍ ነው። እንበልና ደሴ የምትኖር የሒሳብ ሠራተኛ፣ ጨርቅና ክር ለሚያስመጣ የአዲስ አበባ ድርጅት የወሩን የንብረት ሪፖርት አዘጋጅታ ማታ በቴሌግራም ላከች። ማለዳ ላይ ማንበቡን የምታሳየው ድርብ ምልክት ብቻ ትታያለች። ከሰዓት በኋላ «አየሁት። እንደገና ይሠራ።» የሚል መልስ ይመጣል። ኃላፊው በችኮላ፣ ምናልባትም ባንክ ቤት ወረፋ ላይ ቆሞ የጻፈው ነው፤ በልቡ ቂም የለም። እርሷ ግን ዓረፍተ ነገሩን ደጋግማ ታነባለች፤ የቱ ገጽ እንደሆነ መጠየቁ አለማወቅን እንደ መግለጥ ይሰማታል፤ «እሺ ጋሼ» ብላ ትመልስና ሙሉውን ሪፖርት፣ ትክክል የነበረውን ክፍል ጨምራ፣ ሁለት ቀን ፈጅታ እንደገና ትሠራለች። ስሕተቱ ግን እዚያው ይቀራል፤ ምክንያቱም ስሕተቱ ገና ከጅቡቲ በሚሌ በኩል በመምጣት ላይ ያለን ክር መጋዘን እንደገባ አድርጋ መቁጠሯ ነበር፤ ይህንን ማንም አልነገራትም። አንድ ቢሮ ውስጥ ቢሆኑ ኖሮ «ነይ እስቲ፣ ይቺን መስመር ተመልከቻት» ብሎ ጣቱን ያሳርፍ ነበር፤ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።

ያው መልእክት እንዲህ ቢጻፍስ? «ሪፖርቱ ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ገጽ 3 ላይ ያለው 40 ጥቅል ክር ገና ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አልገባም፤ ገብቶ ደረሰኝ እስኪቆረጥለት ድረስ ‹በመንገድ ላይ ያለ ዕቃ› ከሚለው ሥር አድርጊው። የዋጋ ስሌቱ ካለፈው ወር ይልቅ ግልጽ ስለሆነ እንዳትነኪው። እስከ ሐሙስ 10 ሰዓት ቢደርሰኝ ይበቃኛል።» እዚህ ውስጥ ያለው ቦታው የተጠቆመ ስሕተት፣ ምክንያቱ፣ መነካት የሌለበት ክፍልና ቀነ ገደብ ነው። ሐሙስ 10 ሰዓት ሪፖርቱ ባይደርስ ወይም ክሩ አሁንም መጋዘን ውስጥ ተቆጥሮ ቢመጣ ኃላፊው ሠራተኛዋን ሊጠይቃት መብት አለው፤ እርሷም የምትጠየቀው በምን እንደሆነ ታውቃለች። በፊተኛው መልእክት ግን በምን ይጠይቃታል?

የድምፅ መልእክት ነገሩን ለማለዘብ ይረዳል፤ የአማርኛ ንግግር ቃናው ሲቀር ግማሹ ይቀራልና። ስለ ፀባይ፣ ስለ መዘግየት መደጋገም፣ ስለ ባልደረባ ቅሬታ የሚነገር ነገር ካለ በስልክ ወይም በቪዲዮ መነጋገር ይሻላል፤ የተወሰነው ነገር ግን ከንግግሩ በኋላ በሁለት ሦስት መስመር መጻፍ አለበት። ስድስት ወር ቆይቶ ከሃምሳ የድምፅ መልእክት ውስጥ የቱ ላይ ምን እንደተባለ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። በነገራችን ላይ መጻፉ ኃላፊውንም ይይዘዋል፦ ሠራተኛዋ ሰኞ የጠየቀችው ፈቃድ ዓርብ እንደተመለሰላት እዚያው ይታያል። አንዳንድ ኃላፊዎች ሁሉን ነገር በስልክ ብቻ መጨረስ የሚወዱት ለዚህ ይሆን ብዬ የምጠረጥርበት ጊዜ አለ።

በዚህ ፈንታ ብዙ ድርጅቶች የሚመርጡት አቋራጭ የክትትል ሶፍትዌር ነው፤ ማውሱ መንቀሳቀሱን የሚመዘግብ፣ በየደቂቃው የስክሪን ፎቶ የሚያነሳ። የመነሻው ጥርጣሬ እውነተኛ ነው፤ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው የዳሰሳ ጥናት፣ ግማሽ ቢሮ ግማሽ ቤት የሆነው አሠራር ሠራተኞች ውጤታማ መሆናቸውን ለማመን እንዳስቸገራቸው የተናገሩት ኃላፊዎች 85 በመቶ ነበሩ፤ ከሠራተኞቹ ደግሞ 87 በመቶው ውጤታማ ነን ብለዋል። ሁለቱም ወገኖች የሚናገሩት ስለ አንድ ሥራ ነው፤ በመካከላቸው የጠፋው አብረው የሚያዩት መለኪያ ነው። ሶፍትዌሩ ይህን ክፍተት አይሞላም። የሚሰጠው የሰዓት ፊርማውን በአዲስ ልብስ ነው፤ ኮት ወንበር ላይ ይሰቀል እንደነበረው ሁሉ ማውስ የሚያንቀሳቅስ ትንሽ መሣሪያ ገበያ ላይ ወጥቷል።

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ክትትሉን ከናካቴው ትርጉም የሚያሳጣው ደግሞ መብራትና ኔትወርክ ነው። መብራት ሲሄድ ራውተሩ ይጠፋል፤ የላፕቶፑ ባትሪ ያረጀ ከሆነ ሥራው እዚያው ይቆማል፤ ሶፍትዌሩም «ሠራተኛዋ የለችም» ብሎ ይመዘግባል። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ እንኳን መከታተል ሥራውን መላኩም ለብዙዎች አልተቻለም ነበር። ሠራተኛው በመብራት መጥፋት አይጠየቅም፤ መጥፋቱን ባለማሳወቁ ግን ይጠየቃል። ኢንተርኔት በማይኖርበት ሰዓትም ስልክና አጭር የጽሑፍ መልእክት ብዙ ጊዜ ስለሚሠሩ፣ «ከ4 ሰዓት ጀምሮ መብራት የለም፣ የዛሬው ሥራ ለነገ ይተላለፋል» የሚል አንድ መስመር መላክ ይቻላል። ሁለት ሲም መያዝ፣ ፓወር ባንክ መግዛትና የዳታ ወጪው በማን እንደሚሸፈን ግን አስቀድሞ መነገር አለበት፤ ይህ ሳይነገር ቀርቶ ሠራተኛው ከኪሱ ሲያወጣ የኖረበትና በመጨረሻ በቅሬታ የተለያየበት አጋጣሚ ብዙ ነው።

ሕጉ በዚህ ጉዳይ የሚለው ነገር ከሚጠበቀው በላይ የሚያግዝ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ውስጥ ሥራ ውል የሚል ክፍል አለው፤ ሠራተኛው በቤቱ ወይም በነጻ በመረጠው ቦታ፣ ያለ አሠሪው ቀጥተኛ ቁጥጥር የሚሠራበትን ውል ይመለከታል። ክፍሉ ቁሳቁስ ተሰጥቶት ቤቱ የሚያመርተውን ሠራተኛ እንጂ ላፕቶፕ የያዘውን እንዳላሰበ ያስታውቃል፤ ነገር ግን አሠሪው እንዲይዝ የሚያዘው መዝገብ የታዘዘውን ሥራ ዓይነትና መጠን፣ የሚረከብበትን ጊዜና ቦታ፣ የክፍያውን መጠን የሚመለከት ነው። በዕቁብ ማንም ሰው ገንዘቡን ከየት እንዳመጣኸው አይጠይቅህም፤ በቀኑ ማስገባትህን ነው የሚያየው፤ የመዝገቡም መንፈስ ይኸው ነው። በሌላ በኩል አዋጁ ያለ ማስጠንቀቂያ ከሥራ ከሚያሰናብቱት ምክንያቶች አንዱ አድርጎ የሚቆጥረው፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያረፈደን ሠራተኛ ነው። ከቤቱ የሚሠራ ሰው የሚያረፍደው ከምን ላይ ነው? የመግቢያ ሰዓት ካልተስማሙበት ድንጋጌው የሚይዘው ነገር አያገኝም። የሥራ ውጤት ማነስን በሚመለከትም አዋጁ የሚያነጻጽረው በኅብረት ስምምነት ወይም በሁለቱ ወገኖች ስምምነት ከተወሰነው ጥራትና መጠን ጋር ነው። ስምምነቱ ከሌለ «ሰንፏል» የሚለው ክስ የሚቆምበት መሬት የለውም። ስለዚህ ኃላፊው ሰኞ ጠዋት የሚጠበቀውን ሥራ፣ ዓርብ ደግሞ የተሠራውንና የታረመውን በግማሽ ገጽ አስፍሮ ከሠራተኛው ጋር ቢተማመንበት፣ ግብረ መልሱም ማስረጃውም በአንድ ወረቀት ይሟላል።

ለውጭ ድርጅት የሚሠሩትን በሚመለከት ብዙ አልልም፤ ጽሑፍና ቀነ ገደብ የለመዱ ስለሆነ ከአገር ውስጡ ይልቅ ግብረ መልሱ ይቀላል፤ «በ3 ሰዓት እንገናኝ» ሲባል ግን የማን ሰዓት እንደሆነ ሁለቴ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ምርጫ ላላቸው፣ በተለይም ለኮምቦልቻ ድርጅቶች፣ ከፊል ቢሮ ከፊል ቤት የሆነው አሠራር የተሻለ ይመስለኛል። ሲትሪፕ ስሙን ትሪፕ ዶት ኮም ብሎ ከቀየረ በኋላ 1,612 ሠራተኞችን ባሳተፈና እ.ኤ.አ. በ2024 በታተመ ሁለተኛ ጥናት፣ በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት መሥራት ውጤትንም የደረጃ ዕድገትንም እንዳልጎዳ፣ ሥራ መልቀቅን ግን በአንድ ሦስተኛ እንደቀነሰ ታይቷል፤ በመጀመሪያው ሙከራ የታየው የዕድገት መዛባት እዚህ አልተደገመም። ቢሮ የሚገባባቸው ቀናት ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ካልሆኑ ጥቅማቸው ይቀንሳል፤ ኃላፊው ማክሰኞ፣ ጀማሪዋ ሐሙስ ብትገባ ሁለቱም ወደ ኮምቦልቻ የወረዱት ኮምፒውተር ለማየት ነው። የማምረቻው ክፍል ሠራተኞች በዚህ አሠራር ቅር እንዳይላቸውም፣ ማን በየትኛው ቀን ለምን እንደሚቀር በግልጽ መለጠፍ ይገባል።

አዲስ ሠራተኛን በተመለከተ አዋጁ የሚፈቅደው የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው። ይህ ጊዜ ሠራተኛው ብዙ እርማት የሚያስፈልገው፣ ኃላፊውም ሰውየውን ለማወቅ ያለው ዋና ዕድል ስለሆነ በአካል ቢያልፍ ይመረጣል። ድርጅቱ ለማረፊያና ለትራንስፖርት አቅም ከሌለው ቢያንስ በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት የሩብ ሰዓት የስልክ ንግግር ይያዝ፤ ኃላፊው በዚያ ቀን ያየውን አንድ ስሕተትና አንድ በጎ ነገር ይናገር፤ ሠራተኛውም ያልገባውን ሳያፍር ይጠይቅ። ከሙከራው ጊዜ በኋላ ንግግሩ ወደ ሳምንታዊ ሊዞር ይችላል። ለዚህ የሚሆን የሩብ ሰዓት ጊዜ የለኝም የሚል ኃላፊ ደግሞ ደሴ ካለ ሰው ይልቅ አጠገቡ የሚቀመጥ ሠራተኛ ቢቀጥር ለሁለቱም ይሻላል።